መጽሐፉ ሌላ፣ ቅጂው ሌላ፦ የቤተ መጻሕፍት ሲስተም በዌብ እንዴት ይነደፋል?

ለተማሪዎችና ለሠራተኞች የሚሆን የቤተ መጻሕፍት ሲስተም ልትሠሩ ከሆነ፣ ኮምፒውተሩን ከመክፈታችሁ በፊት መጽሐፍ የሚወጣበትና የሚመለስበት ባንኮኒ ጋ ሄዳችሁ ግማሽ ቀን ቁጭ በሉ። ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃል። ተማሪው ምን ብሎ ይጠይቃል? ሠራተኛው የትኛውን መዝገብ ይገልጣል? የተመለሰ መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ እስኪገባ የት ይቆያል? መታወቂያውን ረስቶ የመጣ ሰው እንዴት ይስተናገዳል? በተለይ ሰልፉ ሲረዝም የትኛው እርምጃ እንደሚዘለል አስተውሉ። ዛሬ በወረቀት የሚዘለል ነገር ነገ በስክሪንም መዘለሉ አይቀርም። ስለዚህ ያንን እርምጃ ወይ አስቀሩት፣ ወይ ሲስተሙ ራሱ እንዲሠራው አድርጉ።

ቀጥሎ ሰዎቹን አነጋግሩ። የተማሪው ጥያቄ አጭር ነው፦ «መጽሐፉ አለ? ከሌለስ መቼ ይመለሳል?» መምህሩ ረዘም ላለ ጊዜ መዋስ ይፈልጋል። ባንኮኒው ላይ ያለው ሰው ደግሞ የትኛው ቅጂ ማን እጅ እንዳለ፣ ማን እንዳዘገየ፣ ክሊራንስ ሊያስፈርም የመጣው ተማሪ ያልመለሰው ነገር እንዳለ ወዲያው ማየት አለበት። እነዚህን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ጻፏቸው። በኋላ የምትሠሩት እያንዳንዱ ገጽ ከእነሱ አንዱን መመለስ አለበት። የማይመልስ ገጽ ይቅር።

ከዜሮ መጀመር ግድ ነው?

ኮሃ የሚባል፣ በነፃ የሚገኝና ኮዱ ክፍት የሆነ የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር አለ። እ.ኤ.አ. በ1999 ኒውዚላንድ ውስጥ ተጀምሮ በ2000 መጀመሪያ ሥራ ላይ ዋለ። ስሙ በማኦሪ ቋንቋ ስጦታ ማለት ነው። ካታሎጉም፣ ውሰቱም፣ ሪፖርቱም ውስጡ አለ። ፍላጎታችሁ ከተለመደው የማይወጣ ከሆነ እሱን ጭናችሁ ማስተካከል ይሻላችኋል። የራሳችሁን መሥራት የሚያዋጣው የመመረቂያ ፕሮጀክት ሲሆን፣ ከተማሪዎች መዝገብ ጋር በቅርበት መያያዝ ሲኖርበት፣ ወይም የምትፈልጉት ነገር ትንሽና ቀላል ሲሆን ነው። ያኔም ቢሆን ኮሃን ኮምፒውተራችሁ ላይ ጭናችሁ አንድ ሁለት ቀን ነካኩት። ከ20 ዓመት በላይ የላይብረሪ ሰዎችን የገጠሙ ችግሮች እዚያ ውስጥ ተፈትተው ታገኛላችሁ።

ዳታቤዙ ላይ ጊዜ ውሰዱ

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። እዚህ ላይ የተሠራ ስህተት በኋላ በሚያምር ገጽ አይሸፈንም።

ብዙ ጀማሪዎች «መጽሐፍ» የሚል አንድ ሠንጠረዥ ይሠሩና «ብዛት» የሚል ዓምድ ይጨምሩበታል። 5 ቅጂ ካለ 5 ይጻፋል። አንዱ ሲወጣ 4 ይሆናል፤ ሲመለስ ተመልሶ 5። እኔም የመጀመሪያውን የሠራሁት እንዲህ ነበር። ወራት ሲያልፉ ቁጥሩና መደርደሪያው መለያየት ጀመሩ። ሲስተሙ 4 አለ ይላል፣ መደርደሪያው ላይ የተገኘው 3 ነው። የጠፋው የትኛው ነው? መጨረሻ ላይ ማን ወስዶት ነበር? ዳታቤዙ ስለዚህ ምንም አያውቅም። ቁጥር ብቻ ነው ያስቀመጥነው።

መፍትሔው ሁለቱን መለየት ነው። ተማሪው የሚፈልገው መጽሐፉን ነው፤ በእጁ ይዞ የሚወጣው ግን አንዱን ቅጂ ነው። ስለዚህ አንድ ሠንጠረዥ ለመጽሐፉ ይሁን፦ ርዕስ፣ ደራሲ፣ እትም፣ የታተመበት ዓመት፣ የትምህርት ዘርፍ፣ መደርደሪያ ላይ የሚገኝበት የምደባ ቁጥር። ሌላው ለቅጂው፦ የራሱ ባርኮድ፣ የየትኛው መጽሐፍ ቅጂ እንደሆነ፣ የትኛው ክፍል ውስጥ እንደሚቀመጥ፣ መቼ እንደገባ፣ አሁን በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ (ደህና፣ የተቀደደ፣ የጠፋ፣ ጥገና ላይ)። «ብዛት» የሚባል ዓምድ አያስፈልግም። ስንት እንዳለ ሲያስፈልግ ቅጂዎቹ ይቆጠራሉ።

እዚህ ጋ አይኤስቢኤን (ዓለም አቀፉ የመጻሕፍት መለያ ቁጥር) ብዙ ሰው ያሳስታል። መጽሐፉ ጀርባ ላይ ያለው ባርኮድ የእትሙ መለያ ነው። የአንድ እትም 5 ቅጂዎች አምስቱም አንድ ዓይነት ቁጥር አላቸው። ስለዚህ ለውሰት አይሆንም፤ እያንዳንዱ ቅጂ ላይ የራሳችሁን ባርኮድ መለጠፍ አለባችሁ። ለካታሎግ ግን በጣም ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. ከ2007 ወዲህ 13 አሃዝ ነው፤ ከዚያ በፊት 10 ነበር። የ10 አሃዙ መጨረሻ ላይ «ኤክስ» የምትባለዋ የላቲን ፊደል ልትመጣ ትችላለች፣ ፊቱ ላይም ዜሮ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ዓምዱን የቁጥር ሳይሆን የጽሑፍ ዓምድ አድርጉት። አይኤስቢኤን ከመምጣቱ በፊት የታተሙ መጻሕፍት ደግሞ ጭራሽ የላቸውም፤ ግዴታ አታድርጉት።

ባለ 13 አሃዙ በትክክል መጻፉን ሲስተሙ ራሱ ማረጋገጥ ይችላል። አሃዞቹን በተራ አንዱን በ1፣ ቀጣዩን በ3 እያባዙ መደመር ነው። ድምሩ ለ10 ያለ ቀሪ ከተካፈለ ልክ ነው። 9780306406157ን ሞክሩት፤ 100 ይመጣል። ይህቺ ትንሽ ፍተሻ ስንት የጣት ስህተት እንደምትይዝ መዝጋቢዎቹ ይነግሯችኋል።

ሦስተኛው ሠንጠረዥ የአባላት ነው፣ አራተኛው የውሰት። የውሰት መዝገብ የሚይዘው የትኛው ቅጂ፣ ለማን፣ መቼ ወጣ፣ መቼ መመለስ ነበረበት፣ መቼ ተመለሰ የሚለውን ነው። «መቼ ተመለሰ» ባዶ ከሆነ መጽሐፉ ውጭ ነው። የመመለሻው ቀን አልፎ ይህ ዓምድ አሁንም ባዶ ከሆነ ዘግይቷል ማለት ነው። «ዘግይቷል» የሚል ምልክት ለብቻው አታስቀምጡ። ከቀኖቹ ይሰላል፤ የሚሰላን ነገር ማስቀመጥ ከጀመራችሁ አንድ ቀን ሁለቱ ይጣላሉ።

አንድ ደንብ ደግሞ ኮዱ ላይ ብቻ ሳይሆን ዳታቤዙ ላይ ይታሰር፦ አንድ ቅጂ በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ ያልተዘጋ ውሰት ሊኖረው አይችልም። ፖስትግሬስኪውኤል በሚባለው የዳታቤዝ ሶፍትዌር ላይ ይህንን በቅድመ ሁኔታ ላይ በተመሠረተ ልዩ ኢንዴክስ (ማለትም «መቼ ተመለሰ» ባዶ በሆነባቸው መዝገቦች ውስጥ አንድ ቅጂ እንዳይደገም በሚከለክል) ማድረግ ይቻላል። እንዲህ ካደረጋችሁ ኮዱ ቢሳሳት እንኳ ዳታቤዙ እምቢ ይላል።

ደንቡን ኮድ ውስጥ አትቅበሩት

ለተማሪ 3 መጽሐፍ ለ14 ቀን፣ ለመምህር 10 መጽሐፍ ለ90 ቀን ተባለ እንበል። እነዚህን ቁጥሮች ኮዱ ውስጥ ከጻፋችሁ ደንቡ በተለወጠ ቁጥር እናንተን መጥራት ሊኖርባቸው ነው። ለደንቡ የራሱን ሠንጠረዥ ስጡት፦ የአባል ዓይነት፣ የመጽሐፍ ዓይነት፣ ስንት፣ ለስንት ቀን፣ ስንት ጊዜ ማራዘም ይቻላል። ኃላፊው ከገጹ ላይ ራሱ ይለውጠው።

የመመለሻው ቀን የሚሰላው መጽሐፉ ሲወጣ ነው፤ ያኔውኑ ውሰቱ ላይ ይጻፍ። ነገ ደንቡ ቢያጥር ትናንት የወሰደው ሰው በአንድ ሌሊት ዘገየ ሊባል አይገባም። ቀኑ ቤተ መጻሕፍቱ በሚዘጋበት ዕለት ላይ ካረፈ ወደሚቀጥለው የሥራ ቀን ይገፋ። ቅጣት ካለም በተዘጋባቸው ቀናት አይቁጠር፣ ጣሪያም ይኑረው። ከመጽሐፉ ዋጋ በላይ የደረሰ ቅጣት ተማሪው መጽሐፉን ይዞ እንዲሸሽ ነው የሚያደርገው።

ማን ምን ማድረግ ይችላል?

«ሠራተኛ» የሚለው ቃል እዚህ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው መጽሐፍ የሚዋስ የተቋሙ ሠራተኛ፣ ሁለተኛው ሲስተሙን የሚያንቀሳቅስ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ። አንድ ሰው ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የአባልነት ዓይነቱንና የሥራ ፈቃዱን በተለያየ ቦታ አስቀምጡ። ባንኮኒ ላይ ያለው ያውሳል፣ ይመልሳል። ካታሎገሩ መጽሐፍ ያስገባል፣ ያርማል። ቅጣት መሰረዝ የኃላፊው ይሁን፤ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደሰረዘም ይመዝገብ። የራሱን ቅጣት መሰረዝ የሚችል ሰው ግን አይኑር።

የይለፍ ቃል እንዳለ አይቀመጥም። ቢክሪፕት ወይም አርጎን2 በሚባሉት ዘዴዎች ተለውጦ ነው የሚቀመጠው፤ ላራቬልና ጃንጎ የሚባሉት የዌብ መሥሪያ ፍሬምወርኮች የይለፍ ቃል የሚለውጥ የራሳቸው ነገር አላቸው። ገጹ መረጃውን አመስጥሮ በሚያስተላልፈው በኤችቲቲፒኤስ ይከፈት።

ሰው ምን እንዳነበበ ደግሞ የግሉ ነው። መጽሐፉ ተመልሶ ዕዳ ከሌለ፣ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ የተዋሰውን ሰው ማንነት ከውሰቱ ላይ አጥፉት። መጽሐፉ ስንት ጊዜ እንደወጣ ይቆይ፣ ለሪፖርት ይጠቅማል። ማን እንዳነበበው ግን ለዘለዓለም የሚቀመጥበት ምክንያት አይታየኝም። ስለ ሕመሙ ወይም ስለ እምነቱ የሚያነብ ተማሪ ሳይፈራ መዋስ አለበት።

ሁለቱ ዋና ገጾች

የባንኮኒው ገጽ አይጥ ሳይነካ መሥራት አለበት። አብዛኛው የባርኮድ ማንበቢያ ለኮምፒውተሩ እንደ ኪቦርድ ነው፤ ቁጥሩን ይጽፍና መጨረሻ ላይ ኢንተር ይመታል። ይህንን ተጠቀሙበት። መታወቂያው ሲነበብ የአባሉ ስም፣ ፎቶና ያልመለሰው ይምጣ፤ ጠቋሚው ራሱ ወደ ቅጂው ሳጥን ይዝለል። ቅጂው ሲነበብ ውሰቱ ይመዝገብ። መጽሐፍ ማስገቢያው ገጽ ላይ ግን ያችው ኢንተር ጠላት ናት፤ አይኤስቢኤኑ እንደተነበበ ያልተሞላውን ቅጽ ትልከዋለች። እዚያ ዝጉባት። ደግሞም «አልወጣም» ተብሎ የተመዘገበ መጽሐፍ ሲመለስ ገጹ ስህተት ብሎ አይቁም። ይከሰታል። ይቀበልና ማስታወሻ ይያዝ።

የፍለጋው ገጽ አንድ ሳጥን ይበቃዋል። በግዕዝ ፊደል የተጻፈ መጽሐፍ ካላችሁ ግን አንድ ሥራ አለባችሁ። «ሥራ» ብሎ የፈለገ ሰው «ስራ» ተብሎ የገባውን ማግኘት አለበት። «ፀሐይ» እና «ጸሃይ»ም እንዲሁ። ለዚህ ርዕሱና ደራሲው እንደተጻፉ ሳይነኩ ይቀመጡ፤ ከጎናቸው ለፍለጋ ብቻ የሚሆን ዓምድ ይጨመር። እዚያ ውስጥ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ከነ ሙሉ ዘራቸው ይለወጡ፤ ሃ እና ሀ፣ ኣ እና አም አንድ ይሁኑ። ተጠቃሚው የጻፈውም በዚያው መንገድ ተለውጦ ይፈለግ። ይህንን ያላደረገ ሲስተም መደርደሪያ ላይ ያለን መጽሐፍ «የለም» ይላል፤ ተማሪውም አምኖ ይሄዳል።

ውጤቱ ላይ ስንት ቅጂ እንዳለና የት እንደሚገኝ በግልጽ ይታይ። ሁሉም ውጭ ከሆኑ ቀድሞ የሚመለሰው መቼ እንደሆነ ይጻፍ፣ ከሥሩም «አስይዝልኝ» የሚል ቁልፍ ይኑር። እዚህ ያ ሁለት ሠንጠረዥ ይክሳችኋል፤ የሚያዘው መጽሐፉ ነው እንጂ ቅጂው አይደለም። ከቅጂዎቹ አንዱ ሲመለስ ወረፋው ላይ አንደኛ ላለው መልእክት ይሄዳል፣ ቅጂውም ለ2 ወይም 3 ቀን ባንኮኒ ጀርባ ይጠብቀዋል። ካልመጣ ለቀጣዩ።

ማስገባት፣ መሞከር፣ መክፈት

ቋንቋና ፍሬምወርክ ላይ ብዙ አትጨቃጨቁ። ቡድናችሁ የሚያውቀው ይሻላል። ገጹ ስልክ ላይ በደንብ መነበቡን ግን አረጋግጡ፤ ተማሪው የሚፈልገው በስልኩ ነው።

የቆየውን መረጃ ማስገባት ከኮዱ በላይ ጊዜ ሊወስድ ይችላል። መጀመሪያ በብዛት ከሚወጡት መጻሕፍት ጀምሩ። የቀሩት ሰው ሲጠይቃቸው እየተመዘገቡ ይውጡ። ኤክሴል ላይ ያለ ዝርዝር ካላችሁ ከማስገባታችሁ በፊት የአንድ ደራሲ ስም በስንት ዓይነት እንደተጻፈ ተመልከቱ።

ከዚያ አንድ ክፍል ብቻ ይዛችሁ ለ2 ሳምንት ከወረቀቱ መዝገብ ጎን ለጎን አስኬዱት። በየምሽቱ ሁለቱን አመሳክሩ። ልዩነት ከተገኘ ምክንያቱ ሳይታወቅ ወደ ቀጣዩ ክፍል አትሂዱ። በዚሁ ጊዜ ባክአፑን (የመረጃውን መጠባበቂያ ቅጂ) ፈትኑት። ፋይሉ መኖሩን ማየት አይበቃም፤ ሌላ ኮምፒውተር ላይ መልሳችሁ አስነሱትና ትናንት የወጡት መጻሕፍት ውስጡ እንዳሉ እዩ። ባክአፑ ከሰርቨሩ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ አይቀመጥ።

ሁለቱ መዝገቦች ያለ ልዩነት ከሰነበቱ የወረቀቱን ዝጉት። ከባንኮኒው መሳቢያ ውስጥ ግን ሰዓት፣ የአባል ቁጥርና የቅጂው ባርኮድ የሚሉ ሦስት ዓምዶች ያሉት ቅጽ ይቀመጥ። መብራት ወይም ኔትወርክ ሲጠፋ በእሱ ይጻፋል፤ ሲመጣ በሰዓቱ ቅደም ተከተል ይገባል።