ትንሽ አውሮፕላን አስሮ ማቆም፦ ለባህር ዳር የከሰዓት ንፋስ

ባህር ዳር ላይ ትንሽ አውሮፕላን የምታቆሙ ሰዎች፣ ጠዋት ጣና ጸጥ ብሎ ስታዩት አትዘናጉ። ከሰዓት ፀሐዩ መሬቱን ሲያግለው ከሀይቁ ንፋስ ይመጣል፣ እሱስ ይቻላል፣ የሚያስፈራው ክረምቱ ሊገባ ሲል ደመናው ጠቁሮ ነጎድጓድ ሲጀምር ነው፣ ዝናቡ ገና ሳይደርስ ቀዝቃዛው ንፋስ ቀድሞት ይመጣና ባንዴ አቅጣጫ ይቀይራል።

ሴስና 172 የምትባለው ትንሽ አውሮፕላን ባዶዋን ወደ 750 ኪሎ ብትመዝን ነው፣ ከቪትዝ ትቀላለች፣ ያውም ክንፍ አላት። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር አካባቢ እየበረረች አየር ላይ መቆየት የምትችል ስለሆነች ያን ያህል ንፋስ ቆማም ካገኛት ልትነሳ ትችላለች። ደሞ የንፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ነው የሚሆነው።

አፍንጫዋን ንፋሱ ወደሚመጣበት አዙሩ፣ ጎማው ላይ ከፊትም ከኋላም ታኮ አድርጉ፣ ፓርኪንግ ብሬክ ብቻውን አይታመንም። ከዛ ዋናው ማሰሩ ነው፣ ሁለቱ ክንፎች ስርና ጭራው ላይ ባሉት ቀለበቶች፣ ሶስቱም ቦታ። ክንፉን የሚደግፈው ብረት ላይ ግን በፍጹም እንዳታስሩ፣ ገመዱ ተንሸራቶ መሃሉን ከያዘ ብረቱን ያጎብጠዋል።

ገመዱ ናይሎን ይሁን። የቃጫ ገመድ ውሃ ሲነካው ስለሚያጥር ክንፉን ቁልቁል ይጎትተዋል፣ ቶሎም ይበሰብሳል፣ ገበያ ላይ ረከሰ ብላችሁ አትግዙት እባካችሁ። 45 ዲግሪ ገደማ ወደ ውጭ ዘርግታችሁ እሰሩና ሁለት ሶስት ሴንቲ ላላ አድርጉት። በጣም ከላላ አውሮፕላኗ እየዘለለች ትበጥሰዋለች፣ ከጠበቀ ደሞ ክንፉ ይጎዳል።

መሪውን እንዳይንቀሳቀስ በሚይዘው መቆለፊያ፣ በሎኩ ቆልፉ፣ ሎክ ከሌለ በመቀመጫው ቀበቶ ጠፍራችሁ እሰሩት፣ አለበለዚያ ክንፉ ጫፍ ላይ የሚታጠፈው አይሌሮንና ጭራው ላይ የሚታጠፈው ኤሌቬተር ሲንገጫገጩ አድረው ማጠፊያቸው ያልቃል። ኪው 400 የሚባለው ባለ ፕሮፔለር የመንገደኛ አውሮፕላን ሞተር ከሚያስነሳበት ኋላም አታቁሙ፣ ፕሮፔለሩ የሚገፋው አየር ራሱ ንፋስ ነው።

ንፋሱ ከመጣ በኋላ ክንፍ ይዤ አስቀራለሁ ብሎ መሮጥ የለም፣ የሰው ክብደት አይበቃትም፣ መብረቅም አለ። አውሮፕላን ይጠገናል፣ እናንተ ግን ቤተሰብ አላችሁ።

በማግስቱ ከመብረር በፊት ገመዱን ሁሉ ፍቱ፣ የጭራው ነው ብዙ ጊዜ የሚረሳው፣ ሎኩንም አንሱ። ሎክ ሳይነሳ ለመብረር የሞከሩ አውሮፕላኖች ተከስክሰው ሰው ሞቷል፣ ስለዚህ መሪውን ግራ ቀኝ፣ ፊትና ኋላ እስከ ጥጉ አንቀሳቅሱትና አይሌሮኑም ኤሌቬተሩም ሲታዘዙ በአይናችሁ እዩ።