ጎንደር ላይ ሊፍት ያለው ህንፃ ካላችሁ ይሄን አንብቡት

ፒያሳም በሉት ማራኪ ወይ አዘዞ፣ ሊፍት ያላቸው ሆቴሎችና የንግድ ህንፃዎች እየበዙ ነው፣ ደስ ይላል፣ ግን ብዙ ባለቤት ሊፍቱ ትዝ ሚለው ሲቆም ብቻ ነው። "ቴክኒሺያን አለን እኮ" ይላል። ቴክኒሺያን ይጠግናል እንጂ ኃላፊነቱን አይወስድላችሁም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ህግ አንቀፅ 2077 ላይ የህንፃ ባለቤት ህንፃው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ ያልታሰበ ድንገተኛ ነገር ቢሆን እንኳ ኃላፊ ነው፣ ሊፍት ደሞ ከህንፃው ጋር የተተከለ ነገር ስለሆነ ፍርድ ቤት ቆሞ "የሰራተኛው ጥፋት ነው" ብሎ ማምለጥ ቀላል አይደለም።

ዛሬውኑ አንድ ነገር አጣሩ፣ የፎቁን የሊፍት በር ከውጭ ምትከፍተው ባለ ሶስት ማዕዘን ቁልፍ ማን ጋ ናት? ጥበቃ ቤት ሚስማር ላይ ተንጠልጥላ ከሆነ አሁኑኑ አንሷት። ሰው ሁሌ ሚፈራው ገመዱ ይበጠሳል ብሎ ነው፣ ግን ገመዱ አንድ ብቻ አይደለም፣ ደሞ የሊፍት ሰሪው ኦቲስ በፈረንጆቹ 1854 ኒውዮርክ ላይ ለህዝብ ካሳየ ጀምሮ ገመድ ቢበጠስ እንኳ ካቢኑን ሀዲዱ ላይ ቀርቅሮ ሚይዝ መሳሪያ አለ። እኔን ሚያስፈራኝ በሩ ነው። መብራት ይጠፋል፣ ካቢኑ በ3ኛና በ4ኛ ፎቅ መሀል ይቆማል፣ ውስጥ ያለው ሰው ይጮሀል፣ ጥበቃው ሊረዳ ብሎ በሩን ይከፍታል፣ የካቢኑ ወለል ጥበቃው ወገብ ጋ ነው፣ ተሳፋሪው ወደታች ሊዘል ሲል ከካቢኑ ስር ባዶ ጉድጓድ አለ፣ እግሩ ከዳው ማለት አለቀ። ወይ ደሞ ካቢኑ እዛ ፎቅ ላይ ጭራሽ የለም፣ በጨለማ አንድ እርምጃ ነው።

ስለዚህ ሰራተኞቻችሁን እንዲህ አስተምሯቸው፦ መጀመሪያ ውስጥ ያለውን ሰው አናግሩ፣ ካቢኑ ክፍተት ስላለው አየር አያልቅም፣ በሩን እንዳይነካ ንገሩት፣ የሊፍቱን ዋና ማብሪያ ማጥፊያ አጥፉ፣ መብራት ድንገት ቢመጣ ካቢኑ እንዳይንቀሳቀስ ማለት ነው፣ ከዛ የሰለጠነ ሰው ጥሩ። ፍሬን በእጅ መልቀቅ የጥበቃ ስራ አይደለም፣ ምክንያቱም በገመዱ ሌላ ጫፍ የተንጠለጠለው ሚዛን መጠበቂያ ክብደት የካቢኑን ክብደትና የሙሉ ጭነቱን ግማሽ ገደማ ያክላል፣ ውስጥ አንድ ሁለት ሰው ብቻ ካለ ካቢኑ ሚሄደው ወደ ላይ ነው፣ ይሄን ማያውቅ ሰው ወደታች ይመጣል ብሎ ይለቀዋል። መብራት ሲጠፋ ካቢኑን ቅርብ ፎቅ ሚያደርስ ባትሪ ያለው ከሆነ ካቢኑ ባዶ መሆኑን አይታችሁ በየወሩ ቴክኒሺያኑ ዋናውን እያጠፋ ይሞክረው፣ ባትሪው ሳይታወቅ ነው ሚሞተው።

ሌላው ዳይሬክት ማድረግ ነው። የበሩ ኮንታክት፣ በሩ መዘጋቱን ለሊፍቱ ሚነግረው ማለት ነው፣ ሲያስቸግር ቴክኒሺያኑ ሽቦ አገናኝቶ ዳይሬክት ያደርገዋል፣ ሊፍቱ ይሰራል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል፣ ግን ከዛ በኋላ በሩ ክፍት ሆኖም ይሄዳል። በፍፁም አትፍቀዱ። እቃው አዲስ አበባ ታዞ እስኪመጣ ሳምንት ቢፈጅ ሳምንት ይቁም፣ እንግዳ በደረጃ ይውጣ፣ እቃውን ተሸከሙለት። ቴክኒሺያኑ ሊፍቱን ማቆም ካለበት እናንተን ሳይፈራ እንዲያቆም በግልፅ ንገሩት፣ ብዙዎቹ ዳይሬክት ሚያደርጉት ባለቤቱ "ቶሎ በል" ስለሚላቸው ነው።

የኛ ከተማ የራሷ ነገር አላት። ጎንደር ከባህር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር በላይ ናት፣ ሞተርና የኤሌክትሪክ እቃ ግን አብዛኛው ጊዜ ሚሰራው እስከ 1000 ሜትር ታስቦ ነው፣ አየሩ ሲሳሳ ማቀዝቀዝ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ጣሪያ ላይ ያለው የሞተር ክፍል መስኮቱ ተደፍኖ የአሮጌ ወንበር መጋዘን ሲሆን ማየት ያበሳጫል፣ አየር ይግባበት፣ ይቆለፍ። ከሶስቱ የመብራት መስመሮች (ፌዝ) አንዱ ሲጎድል ወይ ቅደም ተከተላቸው ሲገለበጥ ሊፍቱን ሚያቆም መከላከያ እንዳለው ጠይቁ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደሞ ካቢኑ ሚመላለስበት የሻፍቱ ታች ጉድጓድ ውሃ ያቁራል፣ ውሃ ካያችሁ ሊፍቱን አጥፉ፣ አስመጥጡ፣ ስር ያሉት ሽቦዎችና የብረት እቃዎች ተፈትሸው ነው ሚነሳው፣ ከየት እንደገባ ካልተደፈነ በሚቀጥለው ዝናብ ተመልሶ ይመጣል። ለጥምቀት ከተማው ሳይሞላ ታህሳስ ላይ ሰርቪስ አስደርጉ፣ ከመጠን በላይ ሲጫን ሚጮኸው ሴንሰር መስራቱንም አሳዩኝ በሉ፣ 630 ኪሎ ሚል ሊፍት ለ8 ሰው ነው፣ ሻንጣ ሲጨመር ቁጥሩ ይቀንሳል።

ኮንትራታችሁ በየወሩ የሚል ይሁን፣ የተሰራው ሁሉ በቀንና በፊርማ መዝገብ ላይ ይፃፍ፣ መዝገቡ እናንተ ጋ ይቀመጥ። በዓመት አንዴ ደሞ ሁሌ ከሚጠግነው ሌላ ባለሙያ ፍሬኑን፣ ገመዱንና ያንን ቀርቅሮ ሚይዘውን መሳሪያ ይፈትሽ። በመሀል እናንተም ምታዩት አለ፣ ካቢኑ ከወለሉ ከፍ ወይ ዝቅ ብሎ መቆም ከጀመረ፣ ገመዱ ላይ ቀይ ዱቄት መሳይ ካለ ወይ የተበጣጠሰ ቀጭን ሽቦ ከወጣ ወዲያው አቁማችሁ ደውሉ።

ተንቀሳቃሽ ደረጃ ያለው ሰው ደሞ ጠዋት ከመክፈቱ በፊት ዳር ለዳር ይይ፣ በደረጃውና በጎኑ ግድግዳ መሀል ያለው ክፍተት በአንድ በኩል ከ4 ሚሊሜትር መብለጥ የለበትም፣ የነጠላ ጥለትና የህፃናት ለስላሳ የጎማ ጫማ ሚገባው እዛ ነው። የእጅ መደገፊያው ከደረጃው ወደኋላ ከቀረ ሰው ይጥላል። ቀዩ ማቆሚያ በሁለቱም ጫፍ መስራቱን ሰው ሳይኖርበት ሞክሩ፣ መጨረሻው ላይ ካለው ማበጠሪያ መሳይ ብረት ጥርስ ከተሰበረ ተቀይሮ እስኪገባ ድረስ በሁለቱም በኩል ዘግታችሁ አቁሙት።