አልከፈት ያለኝ የአይቲውንስ ኤልፒ

ከዓመታት በፊት ከአይቲውንስ፣ ከአፕል የሙዚቃ ማጫወቻና መሸጫ ፕሮግራም፣ የገዛሁት አንድ የፖፕ አልበም ነበረኝ፣ በአይቲውንስ ኤልፒ። በመስከረም 2009 እ.ኤ.አ. ከአይቲውንስ 9 ጋር የወጣው ዓይነት ማለት ነው። ከዘፈኖቹ ጋር ግጥም፣ ፎቶ፣ አንዳንዴም ቪዲዮ ያለው፣ እንደ ድሮው ሸክላ ሽፋን እያገላበጡ የሚያዩት። ከ2018 ወዲህ አፕል አዲስ ኤልፒ መቀበል ስላቆመ፣ ያለኝን እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የምጠብቀው።

ኮምፒውተር ስቀይር ግን ጉድ ሆንኩ። ዘፈኖቹ አሉ፣ ኤልፒው የለም። ጥፋቱ የራሴ ነው፤ ኮፒ ያደረግኩት የድምፅ ፋይሎቹን ብቻ ነበር።

ደግነቱ አሮጌው ሃርድ ዲስክ አልተጣለም። እዚያ ውስጥ መጨረሻው አይቲኤልፒ የሚል ፋይል አገኘሁ። ማክ ላይ አንድ ፋይል ይመስላል እንጂ ፎልደር ነው። ራይት ክሊክ አድርጌ የጥቅሉን ይዘት አሳየኝ አልኩት። ውስጡ ለካ ተራ ዌብሳይት ኖሯል! ኤችቲኤምኤል፣ ሲኤስኤስ፣ ጃቫስክሪፕት፣ ፎቶዎች።

ኢንዴክስ የሚለውን ፋይል በብራውዘር ስከፍተው ገጹ ባዶ ሆነ። ብዙ ብራውዘሮች ከዲስክ በቀጥታ የተከፈተ ገጽ በጃቫስክሪፕት ሌሎች ፋይሎችን እንዳያነብ ይከለክላሉ። ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ እዚያው ኮምፒውተሬ ላይ ትንሽ ሰርቨር (ገጾችን ለብራውዘር የሚያቀርብ ፕሮግራም) አስነስቼ ፎልደሩን በዚያ በኩል ስከፍተው ሽፋኑ ፏ ብሎ መጣ።

የማጫወቻው ቁልፍ ግን አይሠራም። ዘፈኖቹ ያሉት ኤልፒው ውስጥ ሳይሆን አይቲውንስ ላይብረሪ ውስጥ ነውና። እኔ ሙዚቃውን በሌላ ማጫወቻ ከፍቼ ግጥሙን እዚህ እያነበብኩ ነው።