መብራት ሲጠፋ የማይጠወልግ ሰላጣ፦ ያለ አፈር አትክልት ማልማት በባሕር ዳር ለሚጀምሩ

ሃይድሮፖኒክስ የሚባለው ያለ አፈር አትክልት የማልማት ዘዴ ለጣና ዳር ነዋሪ እንግዳ ነገር አይደለም። እምቦጭ ሥሩን ውሃ ውስጥ አንጠልጥሎ፣ ጎርፍ ከየማሳው አጥቦ ወደ ሐይቁ የሚያስገባውን ናይትሮጅንና ፎስፈረስ እየተመገበ እንዴት እንደሚስፋፋ ሁላችንም አይተናል። ተክል ከአፈር የሚፈልገው ውሃን፣ ማዕድንንና አየርን ነው። ከሦስቱ ጀማሪ ሰው የሚዘነጋው አየሩን ሲሆን፣ የመጀመሪያውን መሣሪያ መምረጥ ማለትም በመሠረቱ ሥሩ አየር የሚያገኝበትን መንገድ መምረጥ ማለት ነው።

ስለዚህ ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት «መብራት ቢጠፋ ሥሩ ስንት ሰዓት ይቆያል?» ብለው ይጠይቁ። እኔ ይህን ሳልጠይቅ ነበር የጀመርኩት። በአጥሩ ጥግ የፒቪሲ ቧንቧዎችን ደርድሬ፣ ስስ ውሃ በፓምፕ እየተገፋ ያለማቋረጥ ከሥሮቹ በታች የሚፈስበትን ዘዴ መረጥኩ። በሚያዝያ ወር አንድ ቀን ረፋድ ላይ መብራት ሄደ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ ቤት ስመለስ ሰላጣው ሁሉ ቅጠሉን ጥሎ ተኝቷል፤ ቧንቧው ለእጅ ይፋጃል፤ ጠዋት ነጭ የነበረው ሥር ቡናማ ክር መስሎ በጣቶቼ መካከል ተበጠሰ። ዘዴው ራሱ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ነገር ግን በቧንቧው ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ ስለሌለ ፓምፑ ከቆመ ሥሩ የሚጠጣው አይኖርም። አስተማማኝ ባትሪና ኢንቨርተር ለሌለው ጀማሪ ይህንንም ሆነ ወደ ላይ የሚቆለለውን የማማ ዓይነት በመጀመሪያው ዓመት አልመክርም።

እኔ የምመክረው በሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ በነበሩት በርናርድ ክራትኪ ስም የሚጠራውን፣ ፓምፕም መብራትም የማይፈልገውን የረጋ ውሃ ዘዴ ነው። የምግብ ዕቃ የነበረ፣ ክዳን ያለውና 20 ሊትር የሚይዝ ባልዲ ለሦስት ራስ ሰላጣ ይበቃል። ክዳኑን በጋለ ብረት ሦስት ቦታ ይብሱና በየቀዳዳው ልክ የሚገባ፣ ታችና ጎኑ በጋለ ሚስማር የተበሳሳ ትንሽ የፕላስቲክ ኩባያ ያስቀምጡ። ዘሩን እርጥብ ስፖንጅ ላይ አብቅለው፣ ችግኙ ሦስት አራት ቅጠል ሲያወጣ ከነስፖንጁ ወደ ኩባያው ያዛውሩት። በመጀመሪያው ቀን ውሃው የኩባያውን ታች አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ይንካ። ሰላጣው እየጠጣ ሲሄድ ውሃው ይወርዳል፤ በውሃውና በክዳኑ መካከል በሚፈጠረው ክፍት ቦታ ላይ የቀረው የላይኛው ሥር ጥጥ የመሰለ ነጭ ጸጉር አውጥቶ አየር መሳብ ይጀምራል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ውሃው ጎደለ ብሎ እንደገና እስከ አፉ ይሞላውና አየር የለመደውን ሥር ያፍነዋል። መጨመር የግድ ከሆነ ባልዲው ከሲሶው በላይ አይሙላ።

የከተማችን ሙቀት የራሱ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ውሃ እዚህ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ደረጃ ከሚይዘው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል፤ ውሃው ከ25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ሲሞቅ ደግሞ ኦክስጅኑ ይበልጥ እየቀነሰ ሥር የሚያበሰብስ በሽታ ይበረታል። ባልዲውን እስከ ወገቡ መሬት ውስጥ መቅበር፣ ከላይ የሚታየውን ክፍል ብርሃን እንዳያስገባ መጀመሪያ ጥቁር ከዚያም ነጭ ቀለም መቀባት፣ የጠዋት ፀሐይ አግኝቶ ከስድስት ሰዓት በኋላ ጥላ የሚያርፍበትን ቦታ መምረጥ ይጠቅማል። አካባቢው የወባ አገር ስለሆነ የረጋ ውሃ ያለ ጥብቅ ክዳን በግቢ ውስጥ መኖር የለበትም፤ በኩባያውና በክዳኑ መካከል ትንሽ ክፍተት ከቀረ በስፖንጅ ይድፈኑት።

ለማሳ የሚገዛው ማዳበሪያ እዚህ አያገለግልም። ዩሪያ ለተክሉ በሚገባ የሚጠቅመው የአፈር ባክቴሪያዎች ከለወጡት በኋላ ሲሆን፣ ኤንፒኤስ ደግሞ ፖታሲየምም ካልሲየምም የለውም። ለሃይድሮፖኒክስ ተብሎ የተዘጋጀውን፣ ካልሲየም ናይትሬቱ ለብቻው የታሸገውን ማዳበሪያ ይፈልጉ። ካልሲየም ናይትሬቱንና ሌላውን ዱቄት በፍጹም አንድ ላይ አይበጥብጡ፤ ካልሲየሙ ከፎስፌቱና ከሰልፌቱ ጋር ተያይዞ እንደ ኖራ ይዘቅጥና ሥሩ ሊወስደው የማይችል ይሆናል። እያንዳንዱን በየራሱ ዕቃ አሟሙተው በየተራ ወደ ሙሉው ውሃ ይጨምሩ። ለሰላጣ የውሃውን አሲድነት የሚያሳየው ፒኤች ከ5.5 እስከ 6.5፣ የማዳበሪያውን መጠን የሚያሳየው ኢሲ ደግሞ ከ0.8 እስከ 1.2 ሚሊ ሲመንስ በሴንቲ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። ገንዘብ የሚያጥር ከሆነ ያማረ ባልዲ ከመግዛት እነዚህን ሁለት መለኪያዎች መግዛት ይሻላል።

ችግኙ ውሃ ላይ በሚንሳፈፍ ፎም ተሰክቶ ሥሩ በአየር ፓምፕ አየር የሚያገኝበት ዘዴ ሁለተኛ ደረጃ ነው፤ ፓምፑ ቢቆምም ሥሩ ውሃ ውስጥ ስለሚቆይ የጥቂት ሰዓት መቋረጥን ይችላል። ቲማቲም የሚፈልጉ ሰዎች በጠጠር በተሞላ ዕቃ ላይ ውሃ የሚያንጠባጥበውን ዘዴ ኋላ ይሞክሩት።

ሰላጣው ከተዛወረ ከአምስት እስከ ስድስት ሳምንት ውስጥ ለመቆረጥ ይደርሳል። የተረፈውን ውሃ ወደ ሐይቁ በሚወርድ ቦይ አይድፉ፤ ማንጎ ወይም ፓፓያ ሥር ያፍሱት። ባልዲውንና ኩባያዎቹን በበረኪና አጥበው በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁ፤ ለሚቀጥለው ዙር የሚሆነውን ዘር ደግሞ ከመቁረጥዎ ሁለት ሳምንት አስቀድመው ስፖንጅ ላይ ይዝሩ።