የአዮናዊ ውህዶችን ስምና ፎርሙላ ስንጽፍ የሚያሳስቱን ነገሮች

ድሬዳዋ ውስጥ የሻይ ማፍያ ገዝቶ ውስጡ ነጭ ቅርፊት ሳይለብስበት ዓመት ያደረሰ ሰው አላውቅም። ውሃችን ካልሲየም ይበዛበታል፤ ሲፈላ ካልሲየም ካርቦኔት ሆኖ ብረቱ ላይ ይጋገራል። የሰፈር ልጆችን ኬሚስትሪ ሳስጠና መጀመሪያ የማስጽፋቸው የዚህን ቅርፊት ፎርሙላ ነው። ስህተቱም የሚጀምረው እዚያው ነው።

አዮናዊ ውህድ የሚባለው አዎንታዊና አሉታዊ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ያላቸው ቅንጣቶች፣ ማለትም አዮኖች፣ የተሳሰሩበት ነው። ካልሲየም ሁለት አዎንታዊ ቻርጅ አለው፤ ካርቦኔት ሁለት አሉታዊ። ተማሪው የአንዱን የቻርጅ ቁጥር ለሌላው አሻግሮ «ሁለት ካልሲየም፣ ሁለት ካርቦኔት» ብሎ ይጽፍና እስክሪብቶውን ያስቀምጣል። ማሻገር አቋራጭ መንገድ እንጂ ሕግ አይደለም። ሕጉ የቻርጆቹ ድምር ዜሮ ይሁን፣ ጥምርታውም ወደ ትንሹ ቁጥር ይውረድ ነው የሚለው። እዚህ አንድ ለአንድ ይበቃል። ነገር ግን ማጣፋቱንም እንደ ጸሎት መድገም አያዋጣም፦ ሶዲየም ፐሮክሳይድ ሁለት ሶዲየምና ሁለት ኦክስጅን ሆኖ ይቀራል፤ ሁለቱ ኦክስጅኖች ተያይዘው አንድ አዮን ስለሆኑ አይነጣጠሉም።

ይህ የመያያዝ ጉዳይ ቅንፍ ላይም ይመጣል። ግድግዳ የሚቀባበት ኖራ በውሃ ሲበጠበጥ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፤ ለአንድ ካልሲየም ሁለት ሃይድሮክሳይድ ያስፈልጋል። ቅንፉን የረሳ ተማሪ ሁለቱን ቁጥር ለሃይድሮጅን ብቻ ይሰጣል፤ አንድ ኦክስጅን ይጠፋበታል። በሌላ በኩል አንድ ሃይድሮክሳይድ ብቻ ያለውን ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ በቅንፍ ማጠርም ትርፍ ሥራ ነው።

ካልሲየም ክሎራይድን «ካልሲየም ዳይክሎራይድ» የሚሉኝ ልጆች ምክንያታቸው ጥሩ ነው፦ «ጋሼ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንል የለም እንዴ?» እንላለን። ካርቦንና ኦክስጅን ግን ኤሌክትሮን ይጋራሉ እንጂ አዮን አልሆኑም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድም ስላለ ስሙ ቁጥሩን ካልነገረን አንለያቸውም። ካልሲየም በውህዶቹ ውስጥ ሁልጊዜ ሁለት አዎንታዊ፣ ክሎራይድ ሁልጊዜ አንድ አሉታዊ ነው። ቁጥሩ ከቻርጁ ይወጣል፤ ስሙ ላይ መድገም አያስፈልግም።

ከሁሉም በላይ የሚያደክመኝ የሮማ ቁጥር ነው። ብረት፣ መዳብና መሰሎቻቸው ከአንድ በላይ ቻርጅ ሊይዙ ስለሚችሉ የትኛው እንደሆነ በስሙ ውስጥ በሮማ ቁጥር እንጽፋለን። ዘዴውን ያመጣው ጀርመናዊው ኬሚስት አልፍሬድ ስቶክ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1919 ነበር። ያን ቁጥር የአተም ብዛት አድርጎ ማንበብ ደግሞ የተለመደ ነው። ለነፍሰ ጡሮች ከሚሰጡ የብረት እንክብሎች በአንዳንዶቹ ላይ «ፌረስ ሰልፌት» የሚል ይነበባል፤ ይህ በሮማ ቁጥሩ ሲጠራ «ብረት ሁለት ሰልፌት» ነው። ተማሪው «ሁለት» ሲል ሰምቶ ሁለት ብረት ይጽፋል። ሰልፌትም ሁለት አሉታዊ ስለሆነ አንድ ብረትና አንድ ሰልፌት ይበቃል።

ስህተቱ ወደ ኋላም ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ የደረሰውን የድሮ ባቡር ሐዲድ አስቡት። ዝገቱ፣ የያዘውን ውሃ ትተን፣ ሁለት ብረትና ሦስት ኦክስጅን ነው። ስሙን አውጡ ስላቸው «ብረት ሁለት ኦክሳይድ» ይላሉ፤ ከብረቱ ግርጌ ያለውን ቁጥር እያዩ። መቁጠር ያለባቸው ከኦክስጅን ተነሥተው ነው፦ ሦስት ኦክስጅን እያንዳንዱ ሁለት አሉታዊ፣ በድምሩ ስድስት። ይህን ስድስት ሁለት ብረቶች እኩል ሲካፈሉት ለእያንዳንዱ ሦስት ይደርሰዋል። ስለዚህ ብረት ሦስት ኦክሳይድ። ለሶዲየም፣ ለካልሲየምና ለአሉሚኒየም ግን የሮማ ቁጥር አትለጥፉ፤ አንድ ምርጫ ብቻ ላላቸው ምን ያደርግላቸዋል?

የስም መጨረሻ ጆሮን ያታልላል። ሰልፋይድ፣ ሰልፋይት፣ ሰልፌት፤ ሦስቱም ሁለት አሉታዊ ናቸው። የመጀመሪያው ድኝ ብቻ፣ ሁለተኛው ሦስት ኦክስጅን፣ ሦስተኛው አራት ኦክስጅን ይዟል። ጀሶ ካልሲየም ሰልፌት ነው፤ በአንድ ፊደል ስህተት ሌላ ውህድ ይሆናል። ከዚህ ተነሥቶ «ኤት ማለት አራት ኦክስጅን ነው» የሚል ሕግ ማውጣትም ያሳስታል፤ ናይትሬት ሦስት፣ ናይትራይት ሁለት ነው ያላቸው። እነዚህን መሸምደድ እንጂ ሌላ መላ የለም።

አንዱን ደግሞ የራሳችን ፊደል ያመጣብናል። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው የላቲኑን መጠን እንደ አጻጻፍ ውበት እናየዋለን። ኬሚስትሪ ግን በዚህ አይቀልድም። ትልቅ «ሲ» እና ትንሽ «ኦ» ኮባልት የተባለው ብረታ ብረት ነው፤ ሁለቱም ትልቅ ከሆኑ ከሰል በተዘጋ ቤት ሲነድ የሚገድለው ጋዝ ነው።