የጠፋው ስም ፊርማው ላይ ተገኘ

እኛ ቤት ዘር የሚቆጠረው በቃል ነው፤ እስከ ሰባት ቤት። የባለቤቴ ወገኖች ግን አሜሪካ ውስጥ የፔንሲልቬንያ ሰዎች ናቸው፣ የእነሱ ዘር ያለው ወረቀት ላይ ነው። ለልጆቼ ብዬ የአባታቸውን ሐረግ ወደ ኋላ ስከተል፣ ላንካስተር ካውንቲ ላይ ስደርስ መንገዱ ተዘጋብኝ። ካርፔንተር የሚባለው የጥንት አባታቸው በመርከብ ተሳፋሪዎች መዝገብ ውስጥ የለም። ወራት ፈጀብኝ።

መፍትሔው ሰውየው በተወው ኑዛዜ ላይ ነበር። ጸሐፊው በእንግሊዝኛ «ካርፔንተር» ብሏል። ከታች ያለው ፊርማ ግን በድሮው የጀርመን የእጅ ጽሑፍ ነው። ቀስ ብዬ ሳነበው «ዚመርማን» ይላል። ሁለቱም አናጺ ማለት እኮ ናቸው! ስሙ ተተርጉሞ ነው እንጂ አልጠፋም።

ወደ ፊላዴልፊያ ወደብ የመርከብ መዝገብ ተመለስኩ። ከ1727 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 16 ዓመት የሞላቸው ጀርመናውያን ወንዶች እዚያ ሲደርሱ ለእንግሊዝ ንጉሥ ታማኝነት ምለው ይፈርሙ ነበር። መጻፍ የማይችለው ምልክት ያደርጋል፤ ስሙን ጸሐፊው እንደሰማው ይጽፍለታል። ስለዚህ የታተመውን ዝርዝር ትቼ የፊርማዎቹን ፎቶ አየሁ። የመጀመሪያው ፊደል ጅራት ከኑዛዜው ጋር ቁርጥ አንድ ነው። እጄ ተንቀጠቀጠ።

አደራ፣ «ዮሃን» በሚለው ስም ብቻ አትፈልጉ። ወንድማማቾቹ በሙሉ ዮሃን ተብለው ሊጠመቁ ይችላሉ፤ የሚጠሩት በሁለተኛው ስም ነው። በቤተ ክርስቲያን መዝገብ የሴቶቹ የቤተሰብ ስም ላይ ደግሞ «ኢን» ይጨመራል፤ ዚመርማኒን ያው ዚመርማን ናት።

አሁን በመዝገቡ ላይ ከዚመርማን በላይና በታች የፈረሙትን እየፈለግኩ ነው። የአንድ መንደር ሰዎች ብዙ ጊዜ አብረው ይሳፈሩ ነበርና።