ገጹ ሞልቶ ነጥቡ ሲጎድል፦ የፈተና ጽሑፍን በራስ የማረም ችግርና መፍትሄ

ጅማ ውስጥ አማርኛ ሳስተምር በየፈተናው ማግስት «መምህር፣ ይህን ሁሉ ጽፌ ነጥቤ ለምን አነሰ?» የሚል ቅሬታ ይቀርብልኛል። ቅሬታው ከልብ ስለሆነ፣ ተማሪው ጉድለቱን ወረቀቱን ከማስረከቡ በፊት ራሱ የሚያገኝበትን መንገድ ማሳየት የመምህሩ ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ።

ምልክት፦ የተጻፈው ብዙና እውነት ነው፤ ነጥቡ ግን ዝቅተኛ ነው።

ምክንያት፦ ጥያቄው «የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ለጅማ ከተማ ያለውን ጠቀሜታ አብራራ» ይላል እንበል። ተማሪው የሚያውቀውን ስም ሲያይ ያጠናውን ሁሉ ይዘረግፋል፤ ቤተ መንግሥቱ ጅሬን ላይ እንደሚገኝ፣ ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 እንደገዙ አሳምሮ ይተርካል፤ ስለ ጠቀሜታው ግን አንድም ዓረፍተ ነገር አይጽፍም።

መፍትሄ፦ ከመጻፍ በፊት «ጠቀሜታ» እና «አብራራ» ከሚሉት ቃላት ሥር ይሰመር። ሲታረም ደግሞ በየአንቀጹ ዳር «ይህ የትኛውን ጠቀሜታ ያስረዳል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ በእርሳስ፣ በሁለት ቃል ይጻፍ፤ መልስ ያልተገኘለት አንቀጽ ቢያምርም ይሰረዛል ወይም ይስተካከላል።

ምልክት፦ መምህሩ «ግልጽ አይደለም» ብሎ ጽፏል፤ ለተማሪው ግን ግልጽ ነው።

ምክንያት፦ ጸሐፊው መልሶ የሚያነበው የጻፈውን ሳይሆን ያሰበውን ነው። «ገበሬው ቡናውን አድርቆ ነጋዴው ገዝቶ ዋጋው ወርዶ ተጎዳ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ለጻፈው ተማሪ ምንም አይጎድለውም፤ አራሚው ግን የተጎዳው ገበሬው ይሁን ነጋዴው አያውቅም።

መፍትሄ፦ በእያንዳንዱ ግስ ላይ ጣትን አሳርፎ «ማን?» ብሎ መጠየቅ ነው። ባለቤቱ በተለወጠበት ቦታ አራት ነጥብ ይገባል፦ «ገበሬው ቡናውን አድርቆ ለነጋዴው ሸጠ። ዋጋው ወርዶ ስለነበር ገበሬው ተጎዳ።» ይህ ልማድ አሰልቺ ይመስላል፤ እኔ ግን ከዚህ የበለጠ ተማሪን የጠቀመ ዘዴ አላየሁም።

ምልክት፦ «መምህራኖች»፣ «ሕጻናቶች» የመሳሰሉ ስሕተቶች በየፈተናው ይደጋገማሉ።

ምክንያትና መፍትሄ፦ «መምህራን» እና «ሕጻናት» ራሳቸው ብዙ ቁጥር ናቸው። ተማሪው የታረሙ ወረቀቶቹን ሰብስቦ የራሱን ተደጋጋሚ ስሕተቶች በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ ይመዝግብ፤ ከ60 ደቂቃ ፈተና የመጨረሻዎቹን 10 ደቂቃዎች ለእርማት አስቀርቶ በመጀመሪያ እነዚያኑ ብቻ ይፈልግ።